«እስማማለሁ» የሚለው ሳጥን

ጥያቄ፦ ድረ ገጽ በከፈትሁ ቁጥር ኩኪ እንድቀበል የሚጠይቅ ሳጥን ይመጣብኛል፤ ሳላነበው «እስማማለሁ» እላለሁ። የግል መረጃን ለመጠበቅ የወጣው ሕግ ከማሰልቸት በቀር ምን ፈየደ?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ መሰልቸትዎ ተገቢ ነው፤ ጥፋቱ ግን የሕጉ ብቻ አይደለም። ኩኪ ድረ ገጹ በመሣሪያዎ ላይ የሚያስቀምጠው ትንሽ ፋይል ነው። ገጹ እንዲሠራ የግድ የሚያስፈልገው ዓይነት በአውሮፓ ኅብረት ሕግም ቢሆን ፈቃድ አይጠየቅበትም፤ የሚጠየቅበት በተለይ ለማስታወቂያ ሲባል ከገጽ ወደ ገጽ የሚከታተልዎ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የኅብረቱ የመረጃ ጥበቃ ደንብም ፈቃዱ በነፃነትና በግልጽ የተሰጠ እንዲሆን ያዛል።

ድርጅቶች ግን የመቀበያውን ቁልፍ በደማቅ ቀለም አጉልተው፣ እምቢታውን «ቅንብሮች» ከሚል ደብዛዛ ጽሑፍ ጀርባ ደበቁት። (ሳጥኑን የነደፈው ሕግ አውጪው ሳይሆን ፈቃዱን የሚፈልገው ወገን መሆኑን ልብ ይሏል።) የፈረንሳይ የመረጃ ጥበቃ ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2022 ይፋ ባደረገው ውሳኔ ጉግልን 150 ሚሊዮን፣ ፌስቡክን 60 ሚሊዮን ዩሮ የቀጣው፣ ለመቀበል አንድ ጊዜ መጫን ሲበቃ ለመከልከል ግን ደጋግሞ መጫን ያስፈልግ ስለነበር ነው። ጉግል በዚያው ዓመት «ሁሉንም አልቀበልም» የሚል ቁልፍ በአውሮፓ አስገባ።

በእኛ አስተያየት ምርጫው በአሳሹ (ድረ ገጽ በሚከፍቱበት ፕሮግራም) ላይ አንድ ጊዜ ተሞልቶ በየገጹ እንዲከበር ማስገደድ ይሻል ነበር። እስከዚያው በአሳሽዎ ቅንብር ውስጥ የሦስተኛ ወገን ኩኪዎችን (ከከፈቱት ገጽ ውጭ ሌሎች የሚያስቀምጧቸውን) መዝጋት ይችላሉ፤ አብዛኞቹ ገጾች ያለ እነርሱም በደንብ ይሠራሉ።