ጌሙን ወደ ሌላ ዲስክ ካዛወርን በኋላ ለምን ይቆራረጣል? ጥያቄና መልስ

የሲ ድራይቭ ሲሞላ ጌሙን ወደ ሌላ ዲስክ አዛውረው ላግ (መቆራረጥ) የገጠማቸው ብዙዎች ጥያቄ ልከዋል። አዲስ ዕቃ ለመግዛት አትቸኩሉ፤ ጥፋቱ የቱ ጋ እንደሆነ በነፃ መለካት ይቻላል።

ከኮዬ ፈጬ፦ ጌሙን ከኤስኤስዲ (ከፈጣኑ ዲስክ) ወደ 1 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ አዛወርኩት። በመኪና ስከንፍ በየጥቂት ሰከንዱ ይቆማል፤ አንድ ቦታ ሆኜ ስዋጋ ግን ሰላም ነው። ግራፊክስ ካርዴ ተበላሽቶ ይሆን?

ካርድህ ደህና ይመስላል። በፍጥነት ስትጓዝ ጌሙ ከፊትህ ያለውን ሰፈር ከዲስክ እየጠራ ነው፤ ዲስኩ ካልደረሰለት ይቆማል። ሃርድ ዲስክ አንድ ትልቅ ፋይል በተከታታይ ሲያነብ በሰከንድ ከ100 እስከ 200 ሜጋባይት ይሰጣል። የተበታተኑ ትንንሽ ቁርጥራጮች ሲጠየቅ ግን የማንበቢያው ጭንቅላት ከቦታ ቦታ መሄድ ስላለበት ብዙ ጊዜ ከ2 ሜጋባይት በታች ይወርዳል። ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለው ይህ ችግር የለበትም።

ማረጋገጫው ታስክ ማናጀር (ኮምፒውተሩ ምን እየሠራ እንደሆነ የሚያሳየው የዊንዶውስ መስኮት) ነው። ፐርፎርማንስ ውስጥ ገብተህ ዲስኩን ምረጥና ጌሙን ተጫወት። በቆመበት ቅጽበት አክቲቭ ታይም 100 በመቶ ነክቶ አማካይ የምላሽ ጊዜው ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ ከሄደ፣ ዲስኩ ነው። ዲስኩ ሥራ ፈትቶ ጌሙ ከቆመ ወደ ራም፣ ወደ ፕሮሰሰርና ወደ ሙቀት ዙር።

ሰፊ ካርታ ያላቸውን ጌሞች ወደ ኤስኤስዲ መልስ፤ የእግር ኳስና የቆዩ ጌሞች ሃርድ ዲስኩ ላይ ቢቆዩ ምንም አይሉም። እስከዚያው የቴክስቸር ጥራቱን አንድ ደረጃ ዝቅ አድርግ፣ ሃርድ ዲስኩንም ዲፍራግ አድርገው (የተበታተኑትን የፋይል ቁርጥራጮች አሰባስብ)። ኤስኤስዲን ግን ዲፍራግ ማድረግ ጥቅም የለውም፣ ዕድሜውን ይበላል።

ከየካ አባዶ፦ እኔ ከኤስኤስዲ ወደ ኤስኤስዲ ነው ያዛወርኩት። አዲስ ቦታ ስገባ ይቆራረጣል፣ ስመለስበት ግን ልስልስ ይላል።

ይህ የዲስክ ሳይሆን የሸደር (ግራፊክስ ካርዱ ምስሉን እንዴት እንደሚስል የሚነግረው ትንሽ ፕሮግራም) ጉዳይ ነው። ጌሙ ቀድሞ አዘጋጅቶ ያስቀመጠውን ሸደር አጥቶ እንደገና እየሠራው ነው። ስቲም (ጌም የሚገዛበትና የሚወርድበት ፕሮግራም) የራሱን የሸደር ፎልደር ከጌሙ ፎልደር ውጭ ስለሚያስቀምጥ፣ ጌሙን ብቻ በእጅ ኮፒ ስታደርግ ወደ ኋላ ይቀራል። ሌላ ጊዜ ጌሙን በቀኝ ክሊክ ነክተህ ፕሮፐርቲስ፣ ኢንስቶልድ ፋይልስ፣ ከዚያ ሙቭ በለው። ጌሙ ሲከፈት «ሸደር እያዘጋጀሁ ነው» ካለህም አትዝለለው።

ከለገጣፎ፦ ልጄ ጌሙን በውጭ ዲስክ ላይ ጭኖት ይቆራረጥበታል። አዲስ ላፕቶፕ ግዢልኝ እያለ ነው፤ ልግዛ?

እናቴ፣ ገና ነው። መጀመሪያ ዲስኩ የተሰካበትን ቀዳዳ ይዩ። ዩኤስቢ 2 ከሆነ በተግባር በሰከንድ ከ30 እስከ 40 ሜጋባይት ብቻ ያሳልፋል፤ ውስጡ ሰማያዊ የሆነው ብዙ ጊዜ ዩኤስቢ 3 ነው። ገመዱም ዩኤስቢ 3 መሆን አለበት። ቀጥሎ በፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ ዲስክ የሚጠፋበትን ደቂቃ ወደ 0 ያድርገው፤ ዲስኩ ተኝቶ ሲነቃ ጌሙ ለሰከንዶች ይቆማልና። ይህ ሁሉ ተሠርቶ ካልተሻለው፣ ላፕቶፑ ውስጥ ኤስኤስዲ ማስገባት ከአዲስ ላፕቶፕ በእጅጉ ይረክሳል።

ከቱሉ ዲምቱ፦ እየተዛወረ እያለ መብራት ሄደ። ጌሙ ይከፈታል፣ ግን አንዳንድ ቦታ ላይ ይደርቃል።

ፋይል ተጎድቷል። መጀመሪያ በአስተዳዳሪ የተከፈተ ኮማንድ ፕሮምፕት ላይ ቼክ ዲስክን (የዊንዶውስ የዲስክ መፈተሻ፣ chkdsk) በኤፍ ትዕዛዝ (/f) አስኪድ። የአር ትዕዛዝ (/r) ዲስኩን በሙሉ ስለሚያነብ በትልቅ ሃርድ ዲስክ ላይ ሰዓታት ይፈጃል፤ መብራት በሚቆራረጥበት ቀን አትጀምረው። ቀጥሎ በስቲም የፋይሎቹን ትክክለኛነት አስፈትሽ፤ የሚያወርደው የጎደለውንና የተበላሸውን ስለሆነ ፓኬጅህን ሁሉ አይጨርስም። ከዚህ በኋላ ከት አታድርግ፤ ኮፒ አድርገህ፣ ከፍተህ፣ አይተህ፣ ከዚያ የድሮውን አጥፋ።

ከጀሞ፣ ጌም ቤት አለኝ፦ ያገለገሉ ዲስኮች ገዝቼ ጌሞቹን አዛወርኩ። ሁለቱ ኮምፒውተሮች ብቻ ይቆማሉ።

በክሪስታል ዲስክ ኢንፎ (የዲስክ ጤንነት የሚያሳይ ፕሮግራም) ሦስት መስመር ተመልከት፦ 05 (ተበላሽተው የተተኩ ቦታዎች)፣ ሲ5 (የሚያጠራጥሩ ቦታዎች) እና ሲ7 (በገመዱ ላይ የተፈጠሩ የማስተላለፍ ስህተቶች)። 05 ወይም ሲ5 ከዜሮ በላይ ከሆነና ከቀን ቀን ከጨመረ ዲስኩ እየሞተ ነው፤ ያለውን ገልብጠህ አውጣው። ሲ7 ብቻ ከጨመረ ግን ዲስኩን አትጣል፣ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሳታ ገመዱ (ዲስኩን ከማዘርቦርዱ የሚያገናኘው) ነው። ገመዱን ቀይረህ ቁጥሩን መዝግብ። ሲ7 ወደ ዜሮ አይመለስም፤ መጨመሩን ካቆመ ተስተካክሏል።

ከገላን፦ ራሜ 8 ጊጋ ነው፤ ቦታ ለማትረፍ ብዬ ፔጅ ፋይሉንም ወደ ሃርድ ዲስኩ ወሰድኩት።

ወደ ኤስኤስዲው መልሰው። ራሙ ሲሞላ ዊንዶውስ የሚሸሸው ወደዚያ ነው፣ ሃርድ ዲስክ ላይ ሲሆን ደግሞ ጌሙ ከነዊንዶውሱ ይቆማል። ኤስኤስዲው ላይም ከ15 እስከ 20 በመቶ ባዶ ተው።