ስቱዲዮ ከመግባታችሁ በፊት፦ ለጅማ የሮክ ልጆች

ባለፈው እሑድ አራት ልጆች ቤቴ መጡ። ጊታር ያዘለው ልጅ ገና ሳይቀመጥ፣ "ጋሼ፣ አልበም ልንሠራ ነው፤ ስንት ብር ይበቃናል?" አለኝ። በስልክ የቀዱትን ሁለት ዘፈን አሰሙኝ። ቀረጻው ይንሿሿል፤ ግን ድራም የሚመታውና ቤዝ የሚጫወተው ይደማመጣሉ። በጣም ደስ አለኝ። 30 ዓመት በድምፅ ቀረጻ ስሠራ እንዲህ ብሎ የመጣብኝ የሮክ ባንድ ከጅማ አልነበረም። ያን ዕለት የነገርኳቸው ግማሹን ነው። ቀሪውን ለእነሱም፣ እንደ እነሱ ለምታስቡትም ልጻፈው።

የብሩን ነገር ትቼ፣ "ሳትቆሙ ከጫፍ እስከ ጫፍ የምትጫወቱት ስንት ዘፈን አላችሁ?" አልኳቸው። ተያዩ። ሦስት ነው አሉ።

እኔ በእናንተ ዕድሜ ቤዝ እጫወት ነበር። ከጓደኞቼ ጋር ብር አዋጥተን፣ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን አዲስ አበባ አንድ ስቱዲዮ ገባን። ክፍያው በሰዓት ነው። የመጀመሪያውን ቀን ድራም ስናስተካክል ዋልን። በማግስቱ በአንድ ዘፈን መግቢያ ተጣላን። አንዱ አራት ጊዜ ይደገም ይላል፣ ሌላው ሁለት ይበቃል ይላል። ሰዓቱ ግን ይቆጥራል። አምስተኛው ዘፈን ላይ ብራችን አለቀ። የቀረውን አቀናባሪው ብቻውን በኪቦርድ ሞላልን። ካሴቱ ሲወጣ ግማሹ ላይ እኛ የለንበትም። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ያ ጠብ ጅማ ልምምድ ቤት ውስጥ ቢሆን ኖሮ በነፃ ያልቅ ነበር።

ኒርቫና የሚባለውን የአሜሪካ ባንድ ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው የመጀመሪያ አልበማቸው "ብሊች" የተቀዳው በ606 ዶላር ከ17 ሳንቲም ነው። ሒሳቡን አልበሙ ላይ ራሱ ጽፈውታል። የስቱዲዮው ሰዓት በድምሩ 30 ገደማ ነው። ብሩን የከፈለላቸው ጓደኛቸው ጊታሪስት ተብሎ ስሙ ሰፍሯል፤ አልበሙ ላይ ግን አልተጫወተም። በዚያች ብር አንድ ሙሉ አልበም የወጣው ዘፈኖቹ እጃቸው ላይ አድረው ስለነበር ነው። ስለዚህ ብራችሁን ከመቁጠራችሁ በፊት ዘፈኖቻችሁን ቁጠሩ። ስምንት ዘፈን ካላችሁ ስምንቱም ሳይቋረጡ፣ ያለ ክርክር ይጠናቀቁ። ከዚያ ወደ እኔ ኑ።

ልምምድ ቤት ውስጥ ምን ትሠራላችሁ? እኔ በዚህ ጉዳይ ብዙ ማውራት እወዳለሁ፤ ታገሡኝ።

ሮክ ጊታር የሚወዳቸው አምስት ድምፆች አሉ፤ ፔንታቶኒክ ማይነር ይሏቸዋል። የእኛ ትዝታ ሜጀር ቅኝትም ያንኑ አምስት ድምፅ ነው የሚጠቀመው፤ የሚለየው መነሻው ብቻ ነው። ከዶ ጀምራችሁ ትዝታ ስትጫወቱ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። እነዚያኑ ከላ ጀምሯቸው፤ ሮክ ሆኑ። አንቺ ሆዬ ቅኝት ግን ሌላ ነው። ውስጡ በጣም የሚጠጋጉ ድምፆች አሉ። የጊታሩን ድምፅ ሆን ብሎ የሚያሻክረው ዲስቶርሽን ደግሞ አብረው የተመቱ ድምፆችን ያፋጫል፤ ያልመታችሁትንም ድምፅ ይወልዳል። ስለዚህ አንቺ ሆዬን በዲስቶርሽን ስትጫወቱ ኮርድ፣ ማለት ብዙ ድምፅ ባንዴ፣ አትጫኑበት። ዜማውን በአንድ ክር እንደ ማሲንቆ አስኪዱት፤ ቤዙ መሬቱን ይያዝለት። ሮክ ተጫዋቾች የኮርዱን ሥርና አምስተኛውን ድምፅ ብቻ የሚመቱትም ለዚሁ ብለው ነው፤ ሦስተኛው ሲጨመር ይደፈርሳል።

ድምፃዊዋ ልጅ፣ አንቺም ስሚኝ። በአማርኛም ዝፈኚ በኦሮምኛ፣ ጠብቆና ላልቶ የሚነበበውን ጠብቂ። "አለ" ሲጠብቅ መኖር ነው፤ ሲላላ ማውራት ነው። ዜማው ቃሉን ካጣመመው ዜማውን ቀይሪው። ጊታር ሲበዛ ቃል ይሰወራል፤ የተጣመመ ቃል ደግሞ ጭራሽ አይሰማም።

ቤት ውስጥ የምትቀዱ ከሆነ፣ የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ። ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የትኛውም ማይክ አያመልጠውም። ድምፃዊዋን ጠዋት ጠዋት ቅዷት። ግድግዳ ላይ የእንቁላል ካርቶን መለጠፍ ቤዝ አያቆምም፤ ወፍራም ፍራሽ ይሻላል። ድራምና ቤዝን አንድ ላይ ቅዱ፤ ያ መደማመጣችሁ እንዳይጠፋ። ሚክሱን፣ ሁሉም አንድ ላይ የተዋሃደበትን፣ በትንሽ ድምፅ ስሙት፤ ከዚያ ባጃጅ ውስጥ ስሙት። ባጃጅ ውስጥ ዘፋኟ ካልተሰማች ሥራው አላለቀም።

አሁን የሚያስፈራችሁን ላንሳ። ይወጣል፣ ሰው አይሰማውም። ሊሆን ይችላል። ኒርቫና በ1991 ሁለተኛውን አልበም "ኔቨርማይንድ" ሲያወጡ አሳታሚ ድርጅታቸው መጀመሪያ ለአሜሪካ ገበያ ያከፋፈለው 46 ሺህ ገደማ ቅጂ ነበር። ብዙ አልጠበቁም። በጥር 1992 ግን የማይክል ጃክሰንን አልበም ከአንደኝነት አወረደው።

ይህ ፈጣኑ ነው። የእኛው ከተማ ልጅ ዘገየበት። ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ1943 እዚሁ ጅማ ነው የተወለደው። በ1972 ኒው ዮርክ ላይ ቀድቶ ያወጣው አልበም የሚገባውን ያህል የዓለም ጆሮ አላገኘም። በ1998 ፈረንሳይ ውስጥ በታተመው ኢትዮፒክስ የተባለ የአልበም ተከታታይ የድሮ ሥራዎቹ ተሰብስበው ወጡ። በ2005 ደግሞ የአሜሪካዊው የፊልም ዳይሬክተር የጂም ጃርሙሽ ፊልም ሙዚቃውን ለዓለም አሰማ። ከ1972 እስከዚያ 33 ዓመት ነው። እኔ በዚህ ሁልጊዜ የሚገርመኝ፣ ያኔ የተቀዳው ዛሬም ሲከፈት ንጹሕ መሆኑ ነው። የሚያፍርበት ቦታ የለውም።

እናንተም በወጣ ሳምንት ስንት ሰው አየው እያላችሁ ስልክ ላይ አትደሩ። በዚያ ሳምንት ወደ ልምምድ ተመለሱ።

ለእሑዱ ልጆች፦ ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ነኝ። ያሏችሁን ዘፈኖች በወረቀት ጽፋችሁ ኑ፤ መግቢያው ስንት ጊዜ እንደሚደገምም ጻፉበት። ድራሙን የምናስቀምጥበት ክፍል አጽድቼ እጠብቃችኋለሁ። ቡናው በእኔ ነው።