መልስ፦ የወጥ ቤት ቧንቧ በረዶ እንዳይሆን

አምና ሚኒያፖሊስ (አሜሪካ) ላይ የወጥ ቤትሽ ሲንክ ውሃ በረዶ ሆኖ እንደቆመብሽ ጽፈሽ፣ ዘንድሮ እንዳይደገም ምን ላድርግ ብለሻል። የቆመብሽ፣ እንዳልሽው ሲንኩ የውጭውን ግድግዳ ተጠግቶ ስለተሠራ ነው፤ የቤቱ ሙቀት ቧንቧው ጋ አይደርስም። ብርዱ በሚጠነክርበት ሌሊት ከሲንኩ ሥር ያሉትን የካቢኔት በሮች ከፍተሽ እደሪ። ሙቁንም ቀዝቃዛውንም ውሃ በትንሹ እንዲንጠባጠብ ተዪው። ከቤት ስትወጪም ማሞቂያውን ከ55 ፋራናይት በታች አታውርጂው።

ከዚያ በፊት ግን፣ አሁን ብርዱ ሳይገባ፦

1. ቧንቧው ግድግዳ ውስጥ የሚገባበት ቀዳዳ ላይ እጅሽን አስጠጊ። ነፋስ ከተሰማሽ በፎም ድፈኚው፤ ቧንቧውንም የስፖንጅ መሸፈኛ አልብሺው። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህንን ነው፤ ዋናው ሥራ ግን እሱ ነው።
2. ጓሮ ያለውን የውሃ ጎማ ከቧንቧው ንቀዪ። ወደ ውጭ የሚሄደውን ውሃ ከውስጥ ዝጊ፤ የውጭውን ከፍተሽ የቀረውን አፍስሺ።

አንድ ነገር አደራ እህቴ፦ ማሞቂያው አልበቃ ሲል የቡናውን ከሰል ሳሎን አቀጣጥለው የሚሞቁ ቤቶች ገብቼ አይቻለሁ። በር መስኮቱ በተደፈነ ቤት ይህ ይገድላል። ከሰሉ ሲነድ የሚወጣው መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ አይሸትም፣ አይታይም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይቀራል። የዚህን ጋዝ ማንቂያ መኝታ ቤት አጠገብ ስቀዪ፤ ካለሽም ባትሪውን ዛሬ ፈትሺው።