ከስክሪኑ የጠፋው ገበሬ

ከቱሉ ዲምቱ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በስታትስቲክስ ተመርቀሻል። ለመመረቂያሽ በኔትሎጎ፣ ብዙ ሰዎች እያንዳንዳቸው ሲወስኑ ኮምፒውተር ላይ በሚያስመስለው ፕሮግራም፣ የሠራሽው ሞዴል የሰፈራችሁን ዙሪያ ገበሬዎች ያሳያል። ዝናቡን፣ የጤፍ ዋጋውን፣ የአስፋልቱን ርቀትና የጎረቤትን ውሳኔ ትሰጪዋለሽ፤ ማን ማረሱን እንደሚቀጥል፣ ማን መሬቱን እንደሚለቅ ዓመት በዓመት ያሰላል። አባትሽ «ይሄ ጌም ነው» ብለዋል። አጎትሽ ሥራ እንድትገቢ ባንክ ውስጥ ሰው አነጋግረዋል። አንቺ ግን ሞዴል መሥራቱ እንጀራ ይሆነኝ ይሆን ብለሽ ትጠይቂኛለሽ። ደሞዝሽ ደግሞ ገና ሳይመጣ ለወንድምሽ የግል ኮሌጅ ተመድቧል።

ከዚሁ ልጀምር፤ ያናደደኝ እሱ ነው። ቤት ማገዝ ያለ ነው። አስቤዛ ግዢ፣ መብራት ክፈይ። የአንድ ጎረምሳን የአራት ዓመት ክፍያ ብቻሽን ተሸከሚ ማለት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እሱስ ከክፍል መልስ ትንሽ ሠርቶ ቢያግዝ ምን ይሆናል? ደብዳቤሽ ውስጥ ይህን የጠየቀ ሰው አላየሁም። አባትሽ ፊት ቁጭ በይና «በወር ይህን ያህል ብር፣ እስከዚህ ወር ድረስ» ብለሽ ቁርጡን ተናገሪ። «እንደ አቅሜ» እንዳትይ። «እንደ አቅሜ» ያለ ሰው መጨረሻ ላይ ለታክሲ ይበደራል፤ ከራሴ አውቀዋለሁ።

ባንክ መግባት ነውር የለውም። ግን መጀመሪያ ስድስት ወር ለምኚ። በነዚህ ወራት «ሞዴል ሠሪ ይፈለጋል» የሚል ማስታወቂያ ከጠበቅሽ ታረጃለሽ። ሥራው በሌላ ስም ነው የሚወጣው፦ የጂአይኤስ (በኮምፒውተር የካርታ መረጃ) ባለሙያ፣ ዳታ አናሊስት፣ ክትትልና ግምገማ፣ የተፋሰስ ፕሮጀክት መረጃ ሰብሳቢ። የመጨረሻውን አትናቂው። እኔ ዘጠኝ ዓመት ቀያሽ ነበርኩ። በሰበታ በኩል አንድ ሜዳ ስንለካ አንድ አዛውንት «ልጄ፣ ይሄ እኮ በክረምት ውሃ የሚተኛበት ነው» አሉኝ። ወሩ መጋቢት ነበር፤ ጥቁሩ አፈር ተሰነጣጥቋል። ሳቅሁና ካርታው ላይ «ደረቅ» ብዬ አሰፈርኩት። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ነሐሴ ላይ፣ እዚያው የተሠሩ ቤቶች ውስጥ ሰዎች ውሃ በባልዲ እየቀዱ ሲደፉ አየሁ። ማታ ማታ ጂአይኤስ መማር የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው። ስለዚህ ጭቃ የሚያስረግጥሽን ሥራ አስቀድሚ ብልሽ አይግረምሽ።

ለአባትሽ «ጌም» መልስ ካስፈለገ ደግሞ፣ ቶማስ ሼሊንግ የሚባል አሜሪካዊ ኢኮኖሚስት ነበረ። ሰው ጎረቤቱን እያየ ሲዛወር አንድ ከተማ እንዴት በዘር ተለያይቶ እንደሚሰፍር ያሳየው ሰሌዳ ላይ ሳንቲም እያንቀሳቀሰ ነው። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1971 ታተመ። በ2005 ኖቤል ሲሸለም የሽልማቱ ምክንያት ላይ «ጌም» የሚለው ቃል ራሱ ነበረበት፤ ጌም ቲዎሪ፣ ሰው የሌላውን ውሳኔ እያሰበ እንዴት እንደሚወስን የሚያጠናው ዘርፍ።

የላፕቶፕሽ ማርጀት አያሳስብሽ። ኔትሎጎ ነፃ ነው፣ ብዙ ጉልበትም አይጠይቅም። የላንድሳት የሳተላይት ምስሎችም እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በነፃ ይገኛሉ። እንግሊዝኛሽ እያነበብሽ ይስተካከላል። ውጭ አገር ማስተርስ ይቆይ፤ የራስሽን መረጃ ይዘሽ ብትሄጂ ይሻላል።

ሞዴልሽ ላይ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። «መሬቱን የለቀቀ ገበሬ ከስክሪኑ ይጠፋል» ብለሽ ጽፈሻል። የት ይሄዳል? ምናልባት እናንተው ኮንዶሚኒየም በር ላይ ጋቢውን ደርቦ ዘበኛ ሆኗል። ካሳ ካገኘ በስንት ጊዜ አለቀ? ከብቶቹን ሸጠ ወይስ ዘመድ ጋ አስጠጋ? ማገዶውን ይገዛል ወይስ ባሕር ዛፍ ይቆርጣል? ካስጠጋና ከቆረጠ መሬቱ ላይ ተመልሶ መጥቷል ማለት ነው፤ ሞዴልሽ ግን አያየውም። ነገ ማታ በፔርሙዝ ሻይ ይዘሽ ወደ በሩ ውረጂ።