ኬኤስ ለምን ይዋዥቅብኛል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከደብረ ማርቆስ ነው የምጽፈው፣ የማስተርስ ተማሪ ነኝ። ከእርጎ የለየሁትን የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያ በኤምአርኤስ (ለዚህ ባክቴሪያ በተዘጋጀ የማሳደጊያ ፈሳሽ) አሳድጌ ድፍርስነቱን በየሰዓቱ በስፔክትሮፎቶሜትር ለካሁ። የእድገት ፍጥነትን ከስኳር መጠን ጋር የሚያያይዘውን የሞኖድን ቀመር ሳስገባበት ከፍተኛው የእድገት ፍጥነት ሦስቴም ተቀራራቢ ነው፤ ኬኤስ የተባለው የቀመሩ ሌላ መለኪያ ግን በየጊዜው ሌላ ቁጥር ይወጣል። የቱን ልመን? ለሜታቦሊዝም ሞዴሌስ የስኳር አወሳሰዱን ከየት ላምጣ?

መልስ፦ እህቴ፣ የትኛውንም አትመኚ። ስህተቱ ያንቺ አይደለም፣ ኬኤስ እዚያ ልኬት ውስጥ የለም። ኬኤስ ማለት እድገቱ የጣሪያውን ግማሽ የሚሆንበት የስኳር መጠን ነው፤ ኤምአርኤስ ደግሞ በሊትር 20 ግራም ግሉኮስ አለው፣ ለባክቴሪያ ድግስ ነው። ሰው ሙሉ መሶብ ፊት ቁጭ ብሎ ሲበላ አይተሽ፣ እንጀራው ሲያጥርበት እንዴት እንደሚበላ መናገር ትችያለሽ?

ግራፉ እኮ መጨረሻ ላይ ይጎብጣል ትይኝ ይሆናል። የሚያሳስተው እሱ ነው። እርጎን አስቢ፦ ወተት በሊትር 48 ግራም ገደማ ላክቶስ አለው፣ እርጎው ኮምጥጦም አብዛኛው ስኳር እዚያው ነው። ባክቴሪያውን ያስቆመው ረሃብ ሳይሆን ራሱ ያወጣው አሲድ ነው። ሞኖድ በ1949 ባብራራው ቀመር ውስጥ ግን አሲድ የለም፣ ስለዚህ ኮምፒውተሩ የአሲዱን ጥፋት ለኬኤስ ያሸክመዋል። በየሰዓቱ ፒኤችም (የአሲድነቱን ደረጃ) ለኪ፣ ታይዋለሽ።

ደስ የሚለው፣ ለተለመደው የፍላክስ ባላንስ ሞዴል (ንጥረ ነገሮች በሕዋሱ የሜታቦሊዝም መንገዶች በምን ፍጥነት እንደሚያልፉ ለሚያሰላው) ኬኤስ አያስፈልግሽም። የሚፈልገው የአወሳሰዱን ጣሪያ ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ እጅሽ ላይ አለ። የድፍርስነቱን ሎጋሪዝም ከሰዓቱ ጋር በግራፍ አስቀምጪ፣ ቀጥ ያለው ክፍል ተዳፋቱ የእድገት ፍጥነትሽ ነው (ንባቡ ከ0.4 ካለፈ አቅጥነሽ ለኪ)። በዚያው ጊዜ ውስጥ ግሉኮሱ ስንት እንደቀነሰ፣ የሕዋሱ ደረቅ ክብደት ስንት እንደጨመረ ያዢ። ለምሳሌ ግሉኮሱ በሊትር 2 ግራም ቀንሶ ሕዋሱ 0.2 ግራም ቢጨምር፣ ለ1 ግራም ሕዋስ 10 ግራም ስኳር ሄዷል ማለት ነው። ፍጥነቱ በሰዓት 0.6 ከሆነ፣ አወሳሰዱ በሰዓት 6 ግራም፣ ማለትም 33 ሚሊሞል ገደማ ለአንድ ግራም ደረቅ ሕዋስ። ድፍርስነትን ወደ ደረቅ ክብደት የሚቀይረውን ቁጥር ግን ከሰው ጽሑፍ አትውሰጂ፣ የራስሽን ባክቴሪያ አድርቀሽ መዝኚ። ላክቲክ አሲዱንም ለኪ፦ ባክቴሪያሽ ስኳሩን ሁሉ ወደ ላክቲክ የሚቀይር ዓይነት ከሆነ፣ የጠፋው ግሉኮስና የወጣው አሲድ በግራም ሊቀራረቡ ይገባል። ካልተቀራረቡ ወይ ልኬቱ ተበላሽቷል፣ ወይ አልኮልና ጋዝም ያወጣል።

ኬኤስን የግድ ካልሽ፣ ስኳሩን እጅግ አሳንሰሽ በብዙ ፍላስክ፣ ፒኤቹን በበፈር (ፒኤች እንዳይለዋወጥ በሚያደርግ ውህድ) ይዘሽ፣ የመነሻውን ፍጥነት ብቻ ለኪ። ስኳር የሌለው ፍላስክም ይኑርሽ፣ ማሳደጊያው ውስጥ ያለው የእርሾ ኤክስትራክት ብቻውን ትንሽ ያሳድጋልና። ኬሞስታት (አዲስ ምግብ ያለማቋረጥ እየገባ አሮጌው የሚወጣበት ማሳደጊያ) ይሻላል፣ ግን መብራት ሳይጠፋ ቀናት መሮጥ አለበት፤ ያንን አንቺው ታውቂዋለሽ። እስከዚያው ቴሲስሽ ላይ «በዚህ ሙከራ ኬኤስን መወሰን አይቻልም» ብለሽ ጻፊ፣ አማካሪሽ ቢጠይቅሽም የፒኤቹን ግራፍ አሳዪ።