ለኩሽና እብነ በረድ ወይስ ግራናይት?

እህቴ፣ ለኩሽናሽ ካቢኔት ላይ ለሚገጠመው ድንጋይ ከእብነ በረድና ከግራናይት የቱ ይሻላል ላልሽው፣ እኔ ግራናይት እላለሁ። እብነ በረድ ያምራል፤ ግን ሎሚ አይችልም። እኛ ቤት የተቆረጠ ሎሚ ተደፍቶበት አደረ። ጠዋት ስናነሳው ክብ ምልክት ቀረ፤ ብናሸው ብናሸው አልለቅ አለ። ድንጋዩ ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ አሲድ ይበላዋል። እርድና ዘይትም ወደ ውስጡ ይመጥጣል።

ግራናይቱ ላይ ጠብታ ውሃ አድርጊና ትንሽ ጠብቂ። ውሃው ሰርጎ ድንጋዩ ከጠቆረ ሲለር (ፈሳሽ እንዳይሰርግ የሚከላከል ቅብ) ይቀባ።

የድንጋዩ ልኬት የሚወሰደው ካቢኔቱ ተገጥሞ በውሃ ልክ ከተስተካከለ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት እሺ እንዳትይ! ሲያመጡትም በቁሙ ይያዙት፤ በሲንኩ ቀዳዳ ፊትና ኋላ ያለችው ቀጭን ክፍል ቶሎ ትሰበራለች። ከግድግዳው ጋር ያለውን ክፍተት በሲሊኮን ያስይዙልሽ።