ቆላ ሲወርድ የሚንቃጨል የዲኤክስ ሞተር፦ ቴስታታውን ከማስከፈትህ በፊት

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተሠራች ባለካርቡሬተር ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ አለችህ። አዲስ አበባ ውስጥ ድምፅዋ ደህና ነው። አዳማን አልፈህ መተሐራ ስትወርድ፣ በተለይም ሰው ጭነህ ወደ ወለንጪቲ ስትመለስ ግን ሞተሩ ይንቃጨላል። ካንዴላ ቀየርክ፣ ወፍራም ዘይት አስሞላህ፣ ለውጥ የለም። አሁን ደግሞ ጋራዡ «ሞተሩ ይከፈት» ብሎሃል። እባክህ ገና አታስከፍት።

እኔ የምሠራው አዳማ ነው። ከአዲስ አበባ እስኪነሡ ድረስ ምንም ያልነበራቸው፣ ቆላ ሲወርዱ የሚንቃጨሉ አሮጌ ኮሮላዎች ብዙ ጊዜ እጄ ገብተዋል። አብዛኞቹ የተስተካከሉት ቴስታታቸው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ሳይነካ ነው። አንዳንዶቹ ግን እኔ ጋ የደረሱት ባለቤታቸው ለማይገባ ሥራ ብዙ ገንዘብ ካወጣ በኋላ ነበር፤ ይህ ዛሬም ያናድደኛል።

በመጀመሪያ ድምፁን ለይ። ባዶ ቆርቆሮ ውስጥ እንዳለ ሳንቲም የሚንቃጨለው ድምፅ የሚመጣው ሞተሩ ሲጫነው ነው። በአራተኛ ማርሽ፣ በዝቅተኛ ፍጥነት፣ ዳገት ላይ ቤንዚን ስትሰጠው ይሰማል፤ እግርህን ስታነሣ ወዲያው ይጠፋል። መኪናው ቆሞም የሚሰማ፣ ከሞተሩ ዙር ጋር የሚፈጥንና የሚዘገይ ቀጭን ኳኳታ ከሆነ የቫልቭ ክፍተት ይታይ። ከታች የሚመጣ ከባድ ምት ከሆነና የዘይት መብራቱም ብልጭ የሚል ከሆነ መኪናውን አቁም፤ እሱ የብሮንዚን (የሞተሩ ዘንግ የሚያርፍበት ብረት) ጉዳይ ነው፣ መንገድ ላይ አይፈተንም። የጭስ ማውጫው ላይ ያለ የላላ ቆርቆሮም ብዙ ሰው አሳስቷል፤ በእጅህ ነቅንቀው። አንተ የገለጽከው ግን በግልጽ የመጀመሪያው ነው።

ይህ ድምፅ ብረት ከብረት ሲላተም የሚወጣ አይደለም። ካንዴላው ያቀጣጠለው እሳት በሲሊንደሩ ውስጥ እየተስፋፋ ሳለ፣ ጥግ ላይ ገና ያልነደደው የቤንዚንና የአየር ድብልቅ ግፊቱና ሙቀቱ በዝቶበት በራሱ በአንድ ጊዜ ይፈነዳል። የምትሰማው የዚያን ፍንዳታ ንዝረት ነው። ወፍራም ዘይት ያልረዳህም ለዚህ ነው። ነገር ግን ዝም ብለህ ከነዳህበት ፒስተኑን ይሰነጥቃል ወይም ይበሳል፣ የቴስታታውንም ጋስኬት ያቃጥላል፤ «ቆላ ብቻ ነው» ብለህ አትለፈው።

ለምን ቆላ ብቻ? አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ትላለች። እዚያ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ በሩብ ገደማ ያንሳል። ሞተሩ የሚስበው አየር ስለሚያንስ በሲሊንደሩ ውስጥ የሚፈጠረውም ግፊት ዝቅ ይላል፣ መኪናውም ይደክማል። የከተማው መካኒክ ይህን ድካም ለማካካስ ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለውን ዲስትሪቢዩተር በጆሮው እያዳመጠ ያዞረዋል፤ ካንዴላው ቀደም ብሎ እሳት እንዲሰጥ ያደርጋል። መኪናው ይነቃል፣ ባለቤቱም ደስ ይለዋል። ለአዲስ አበባ ይህ ስህተት አይደለም። ነገር ግን መተሐራ ከፍታዋ 950 ሜትር ገደማ ነው። አየሩ ይወፍራል፣ ግፊቱ ይጨምራል፣ በዚያ ላይ ሙቀቱ አለ። ደጋ ላይ የተስማማው ታይሚንግ (ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ጊዜ) እዚያ ከልክ በላይ የቀደመ ይሆናል። አራት ሰው ጭነህ ዳገቱን ስትጀምር ሞተሩ የሚጮኸው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ታይሚንጉን በጆሮ ሳይሆን በታይሚንግ መብራት አስለካ። ከዚያ በፊት ግን የፑንቲናው (በዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ እየተከፈተና እየተዘጋ እሳት የሚያስነሣው መገናኛ) ክፍተት ይስተካከል፤ ክፍተቱ ከሰፋ ታይሚንጉም አብሮ ይቀድማልና ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ሥራው ይደገማል። ሞተሩ በደንብ ይሙቅ፣ ወደ ዲስትሪቢዩተሩ የሚሄደው የቫኪዩም ጎማ ተነቅሎ አፉ ይደፈን፣ ከዚያ በኋላ በሚኒሞ (ቤንዚን ሳይሰጠው በሚዞርበት) ዙር ይነበብ። ቁጥሩን ለሞተሩ ከተሰጠው መመሪያ ጋር አመሳክር። ቀድሞ ከተገኘ ወደ መመሪያው ይመለስ። ዲስትሪቢዩተሩ ውስጡ ያለው ሮተር ወደሚሽከረከርበት አቅጣጫ ሲዞር ታይሚንጉ ይዘገያል፣ በተቃራኒው ሲዞር ይቀድማል።

እዚያው እያሉ አንድ ነገር ይጨመር፤ ብዙ ጋራዥ ይዘለዋል። መብራቱ በሞተሩ ፑሊ ላይ ባለው የታይሚንግ ምልክት ላይ እያበራ ቤንዚን ይሰጠው። ምልክቱ ቀስ እያለ መሄድ፣ ሲለቀቅም ወደ ቦታው መመለስ አለበት። ገና ትንሽ ሲነካ ዘሎ የሚሄድ ወይም ሳይመለስ የሚቀር ከሆነ በዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ያሉት፣ ዙር ሲጨምር ታይሚንጉን የሚያስቀድሙት ክብደቶች ስፕሪንጋቸው ላልቷል ወይም ዝገት ይዟቸዋል። በዚህ ዕድሜ ላለች መኪና ይህ የተለመደ ነው። በሚኒሞ ትክክለኛ ቁጥር እያሳየ ዳገት ላይ የሚያስጮህ ሞተር ብዙውን ጊዜ እዚህ ጋ ነው ችግሩ።

ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ድምፁ ካልጠፋ ሁለት ዲግሪ ብቻ አዘግይና ያንኑ መንገድ፣ በዚያው ጭነት ንዳ። ከጠፋ ጥሩ። ካልጠፋ ግን እያዘገየህ አትቀጥል፤ ብዙ የዘገየ ታይሚንግ ኃይል ይቀንሳል፣ ሞተሩንም ያግላል። ወደ ቁጥሩ መልሰህ ሌላ ምክንያት ፈልግ።

ቤንዚኑን ከየት ነው የምትቀዳው? ማደያ ሰልፍ ሲበዛ ከመንገድ ዳር በጀሪካን መግዛት እንደተለመደ አውቃለሁ። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ቤንዚን ከሁሉ ቀድሞ የሚያስጮኸው እንዲህ ያለውን ሞተር ነው፤ የነጭ ጋዝ ኦክቴን (በራሱ መፈንዳትን የመቋቋም አቅሙ) በጣም ዝቅተኛ ነው። ታንከሩ ሊያልቅ ሲል ከምታምነው ማደያ ሙላና ልዩነቱን አዳምጥ።

ሙቀቱንም ተመልከት። ራዲያተሩ ለዓመታት የቧንቧ ውኃ ሲሞላበት ከኖረ ውስጡ በኖራ ተደፍኗል፤ አዲስ አበባ ላይ የሚበቃው ማቀዝቀዝ መተሐራ ላይ አይበቃም። ጠቋሚው ቀይ ላይ ባይደርስም ከወትሮው ከፍ ካለ መንስኤው ይህም ሊሆን ይችላል።

ካንዴላዎቹን አውልቀህ ነጩን ሸክላ በብርሃን እይ። ቡናማ ከሆነ ደህና ነው። አመድ የመሰለ ንጣት ካለው ድብልቁ ቤንዚን አንሶታል፤ የካርቡሬተሩ ጂግለር (ቤንዚን የሚያልፍበት ጠባብ ቀዳዳ) ቆሽሾ ወይም ከካርቡሬተሩ ሥር ባለው ጋስኬት አየር እየገባ ሊሆን ይችላል። ሸክላው ላይ የሚያብረቀርቁ ደቃቅ ነጠብጣቦች ካየህ የፒስተኑ አሉሚኒየም መነካት ጀምሯል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ አትዘግይ። አዲስ የገዛኸው ካንዴላ ቁጥሩም ይታይ። በኤንጂኬና በዴንሶ ቁጥሩ ከፍ ሲል ካንዴላው ቀዝቃዛ (ሙቀቱን ቶሎ የሚያስወጣ) ይሆናል፣ በቦሽ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። ሻጩ «ይገጥማል» ያለህ ካንዴላ ክሩ ቢገጥምም ለሞተሩ የሚሞቅ ሊሆን ይችላል።

ቴስታታው የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ከአንተ በፊት የነበረው ባለቤት ሞተሩን አቃጥሎ ቴስታታው ቶርኖ ቤት ተፍቆ እንደሆነ ጠይቅ። በተፋቀ ቁጥር የመጭመቂያው ቦታ ይጠብባል፣ ግፊቱም ይጨምራል። ዘይት የሚበላ ሞተር ከሆነ ደግሞ ፒስተኑ ላይ የተጋገረው ካርቦን ያንኑ ያደርጋል። ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ሲጨምቅ የሚፈጥረው ግፊት) ይለካ፤ አራቱም ሲሊንደሮች ከመመሪያው በላይ ካሳዩ ያን ጊዜ የጋራዡ ሐሳብ ምክንያት ይኖረዋል። ሳይለኩ «ይከፈት» ማለት ግን ያንተን ገንዘብ መገመቻ ማድረግ ነው።

እስከዚያው ዳገት ላይ በአራተኛ አታስጨንቀው። ወደ ሦስተኛ ቀይር፣ ዙሩ ከፍ ይበል፣ የቤንዚን መርገጫውን አታስጥም። ድምፁ ከተሰማ ወዲያው እግርህን አንሣ። መንገድህ ዘወትር በአዲስ አበባና በመተሐራ መካከል ከሆነ ታይሚንጉን ለመተሐራ አስተካክልና አዲስ አበባ ላይ ትንሽ ኃይል ቢያንስህ ታገሥ።

የታይሚንጉን ቁጥር፣ የአራቱን ሲሊንደሮች ኮምፕሬሽንና የካንዴላዎቹን ፎቶ ላክልኝ። የትኛው ካንዴላ ከየትኛው ሲሊንደር እንደወጣ ምልክት አድርግበት፤ አንዱ ብቻ ነጭ ከሆነ የምንፈልገው ሌላ ነገር ይሆናል።